ጀርባውን እስኪሰጥ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ከሰው የሰማሁት አይደለም። በእጄ የነካሁት፣ በሜትር የለካሁት ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ቀስ ብዬ እጽፋለሁ... ባልጨርሰው ደስ ይለኛል። ለምን እንደሆነ በኋላ ትደርሱበታላችሁ።

ዕለቱ ያለፈው ዓመት ነሐሴ 16፣ የፍልሰታ ፍቺ ነው። ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ቦታው ከይጁቤ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ የደጋ መንደር፣ የአክስቴ የሥራነሽ ግቢ።

ስሜ ትሕትና ነው። የእንስሳት ጤና ተምሬ ከተመረቅሁ አንድ ዓመት አልፎኝ ነበር። ሥራ እስካገኝ ብዬ አክስቴ ጋ ተቀመጥሁ። ሰው ፊት መናገር አልችልም። ሲያናግሩኝ መሬት መሬቱን ነው የማየው። አክስቴ ለጎረቤት ስታስተዋውቀኝ፣ «ዝም ብትላችሁ አትቀየሟት፤ ከበግ ጋር ሲሆን ታወራለች» ትል ነበር።

የዚያን ዕለት ጭጋጉ ግቢውን ሞልቶታል። በሩ ላይ ቆሜ የአጥሩ ባሕር ዛፍ እንኳ አይታየኝም።

አያ ቢተው፣ የአክስቴ ባል፣ ለፍቺው ያደለበውን ሙክት አወጣ። በጉ በእግሩ ነው የወጣው። ባ... አለ። መንገዱ ላይ ሣር ነጨ።

ይህን ልብ በሉልኝ። በእግሩ ነው የወጣው።

አያ ቢተው ደሙ የሚወርድባትን ትንሽ ጉድጓድ አስቀድሞ ቆፍሯል። በጉን አጋደመ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ቢላውን አሳረፈ።

ደም አልወጣም።

አንድ ጠብታ እንኳ።

አያ ቢተው ቢላውን ወደ ላይ አንሥቶ አየው። አገላብጦ እንደገና አየው። ንጹሕ ነው።

«ደነዘብህ እንዴ?» አለች አክስቴ ከውስጥ።

«ቆርጧል» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። «ሥራነሽ... አንገቱ ተቆርጧል እኮ። ነይና እይ።»

በጉ ዐይኑን ከፍቶ ያየናል። እግሩን ሁለት ጊዜ አወራጨ። ከዚያ ተወው። ጉድጓዷ ደረቅ እንደሆነች ቀረች።

ደም የሌለው በግ አይራመድም። ሣር አይነጭም። አምስት ዓመት የተማርኩት ይህንን ነው።

ተንበርክኬ ድዱን ገለጥሁት። ወረቀት ይመስላል። አንገቱን ስዳብስ ከፀጉሩ ሥር ጣቴ አንድ ነገር ነካ። ፀጉሩን ለሁለት ከፈልሁት።

ክብ ሰንበር። ክቡ ውስጥ ሦስት ትንንሽ ብጣቶች፣ ጎን ለጎን፣ በምላጭ እንደተበጡ።

አያ ቢተው ረጅም ጊዜ አየው። ዞሮ ጃኬቱን ከነሸሚዙ ወደ ላይ ሰበሰበ።

ወገቡ ላይ ያው ክብ አለ። ያው ሦስት ብጣት... ጠባሳው ብቻ የደረቀ።

«በግንቦት ወገቤን ሲያመኝ» አለ በሹክሹክታ፣ «እማማ ወለተ ኪዳን ያገሙኝ ነው።»

እማማ ወለተ ኪዳን ከመንደሩ ዳር ለብቻቸው የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ሥራቸው ዋግምት ነው። ያመመውን ቦታ በምላጭ ይበጡና ቀንድ ይደፉበታል። በቀንዱ ጫፍ ባለች ቀዳዳ አየሩን በአፋቸው ይስቡና በሰም ይደፍኗታል። የረጋው ደም ቀንዱ ውስጥ ይሞላል። ወገቡን የያዘው፣ ራሱን የሚፈልጠው ሁሉ እሳቸው ጋ ይሄዳል። ይድናልም።

«ለኪው» አለኝ አያ ቢተው ጀርባውን እንደሰጠኝ። «አንቺ ተማሪ ነሽ። ለኪው።»

ከቦርሳዬ ሜትር አወጣሁ። የበጉ ክብ አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል። የአያ ቢተው... አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል።

«ስንት አለ?»

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ማለት ለእኔ ከባድ ነገር አልነበረም።

«እኩል ናቸው» አልኩ።

ዕድሜዬን ሙሉ መናገር ስፈራ ኖሬ፣ ያን ዕለት ተናገርኩ።

*

ነገሩ ያን ዕለት አልጀመረም።

ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ በመንደሩ ዘጠኝ በጎች ሞተዋል። ጅብ እንዳይባል አልተበሉም። ነብር እንዳይባል አልተቧጨሩም። ጠዋት ሲገኙ እንደተኙ ደርቀዋል። ሳይታረድ የሞተ በክት ነውና ማንም ገልጦ አላያቸውም፤ እየጎተቱ ገደል ጨመሯቸው።

ሽማግሎቹ ግን ለሚገድለው ነገር ስም ነበራቸው። ጮክ ብለው አይጠሩትም። «መጣጭ ነው» ይላሉ፣ ወዲያው ወሬ ይቀይራሉ።

ያዩትም ነበሩ። ሦስት በግ የሞተበት አበባው፣ «ውሻ ይመስላል፤ ፀጉር ግን የለውም» አለኝ። አንድ ዲያቆን እንደተሸለተ ጥጃ ነው አለ። ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ያየችው ሴትዮ ደግሞ ሳቀችባቸው። «ምን ጥጃ ትላላችሁ፤ ሰው ነው እንጂ! ጎንበስ ያለ ሰው።»

«ፊቱስ?» አልኳት።

«ፊቱን አላየሁም። ሲሄድ ነው ያየሁት።»

አምስት ሰው ጠየቅሁ። አምስቱም ያዩት ጀርባውን ነው።

አንድ ሌላ ነገርም ነበር። ውሾቹ አልጮሁም። አበባው እንደነገረኝ ውሻው መሬት ላይ ተለጥፎ ጭራውን ይቆላ ነበር።

«ውሻ ጭራውን ለማን ነው የሚቆላው?» አለኝ ዐይን ዐይኔን እያየ። «ለሚያውቀው ሰው ነው። ወይስ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ነገር አስተማሩሽ?»

እማማ ወለተ ኪዳንን ደግሞ ማለዳ ማለዳ ክዳን ያላት ቅል ይዘው ወደ ገደሉ ሲወርዱ አበባው ሁለት ጊዜ አይቷቸዋል።

እና ያን ጠዋት ቁጥሩን ስናገር... የጎደለው ቁጥሩ ብቻ ነበር።

*

አራት ሰዓት ላይ ማንም ሳያየኝ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ቀንዶቹን ልለካ ነው። ወይም የተናገርኩት ልክ እንደሆነ እንዲነግሩኝ ፈልጌ ይሆናል።

ደጃቸው ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። ሁለት በጎቻቸው ከአጥሩ ሥር ቆመዋል።

«እንዴት አደሩ እማማ?»

«መጣሽ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ሜትርሽን ይዘሻል?»

ወሬው ቀድሞኛል። አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ስንት ሆነ?»

«አራት ተኩል።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ቢላቸው ድንቹ ላይ ቆመ። ጥርስ በሌለው አፋቸው አጠር አድርገው ሳቁ።

«ቁጥር ደግ ነገር ነው ልጄ። አይዋሽም። ምን ያደርጋል፣ አያስረዳም።»

ገብተው የቁርበት ከረጢት ይዘው ወጡ። ሦስት ቀንዶች ጭኔ ላይ ዘረገፉ። ለካኋቸው። አንዱ ሦስት፣ አንዱ ሦስት፣ ትንሹ ሁለት ተኩል።

«የአያ ቢተው...»

«የቢተውን ወገብ በትልቁ ነው ያገምሁት።»

«ትልቁ የት አለ?»

«ሐምሌ ላይ ወሰደው።»

«ማን?»

ቀንዶቹን ወደ ከረጢቱ መለሱ። በጎቹን አየሁ። ከሁሉም ቤት ሲሞት እነዚህ ለምን ቀሩ? ይህን ሳስብ ፊቴ ላይ ሳያነቡት አልቀሩም።

«እነሱማ ካለቁ ሰነበቱ» አሉ።

«ቆመዋል እኮ እማማ!»

«መቆም ምን አለው? የቢተውስ በግ ቆሞ አልነበር?»

በጎቹ አያመሰኩም። ጆሯቸው ላይ ዝንብ አርፏል። አያራግፉትም።

ልነሣ ስል ነጠላቸው ከትከሻቸው ተንሸራተተ። ክንዳቸው ላይ ከአንጓቸው እስከ ብብታቸው ክብ ጠባሳ ተደርድሯል። ያረጀ ነው። ማጅራታቸው ላይ ግን ሌላ ነበር። ሰባት ክብ። የላይኛው ገና እርጥብ ነው።

ሜትር አላስፈለገኝም። ዐይኔ ለመደው... አራት ተኩል።

«ማን ነው ያገመዎት?»

«የክንዴ የራሴ ነው።»

«የማጅራትዎስ?»

ነጠላቸውን መለሱ።

«እጅዎ እኮ አይደርስም።»

«አይደርስም» አሉ። «አፌም አይደርስም።»

ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ገደሉ አፋፍ ላይ እንደ ሙቀጫ የጎደጎደ ድንጋይ አለ። ከበሽተኛ ያወጡትን ደም ማክሰኞ ማክሰኞ ጠዋት እዚያ ያፈሳሉ። እናታቸውም ያፈሱ ነበር። አያታቸውም። በጾም ግን ሰው አያግሙም፤ ቃል አለባቸው። በጾም የራሳቸውን ይሰጣሉ።

«ዘንድሮ እይኝ እስቲ» አሉ ክንዳቸውን ዘርግተው። «ምን ቀርቶኛል? ፍልሰታ ገባ... እኔ ጋ አጣ። ሌላ ጋ ሄደ።»

እውነቱን ልናገር፣ አላመንኋቸውም። ቀንዱን ደብቀውት ይሆን? አእምሯቸው ተነክቶ ይሆን? ወይስ ያዘጋጁት ወሬ ነው? ማጅራታቸውን ግን አይቻለሁ።

«ፊቱን አይተውት ያውቃሉ?»

«አያቴ ያለችኝን ልንገርሽ። ከጠገበ ጀርባውን ይሰጥሻል። ጀርባውን እስኪሰጥሽ ቀና አትበይ። ይህ ሁሉ ሰው ጀርባውን ያየው ለምን ይመስልሻል? ጠግቦ ሲመለስ ስላገኙት ነው።»

«ካልጠገበስ?»

ድንቻቸውን አነሡ። አንድ ልጠው ጨረሱ። ሌላ አነሡ።

*

ስምንት ሰዓት ላይ መንደሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ካለው ጽድ ሥር ተሰበሰበ። ጭጋጉ አልተነሣም። እማማ ወለተ ኪዳን መሐል ላይ ቆመዋል። ተቀመጡ ያላቸው ሰው አልነበረም።

«በጎቼን!» ይላል አበባው። «ሌላ አልጠይቅም። ሦስት በጎቼን ያምጡ!»

«የፍቺ ዕለት ሰው አይሰደድም» አሉ ቄስ ወልደ ሰንበት። «እንጠይቅ። እንመርምር።»

«ምን ይመረመራል አባ? ተለካ እኮ! የተማረች ልጅ በሜትር ለካችው!»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጆሮዬ ጋለ።

«ልጄ ትሕትና» አሉ ቄሱ ለስለስ አድርገው። «አይዞሽ። የለካሽው እውነት ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ሌላ ያየሽው ነገር አለ?»

አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረች። እሳቸውም ላይ አለ... ማጅራታቸውን ግለጡና እዩ። ይህን ብል ነገሩ እዚያው ይለወጥ ነበር። ምላሴ ላይ ነበረች። አፌን ከፈትሁም።

ያ ሁሉ ዐይን።

መሬት መሬቱን አየሁ። የታየኝ የእማማ እግር ነው፣ ጭቃ የያዘው የላስቲክ ጫማቸው። ጫማቸው ወደ እኔ ዞሯል። እያዩኝ ነው። እየጠበቁኝ ነው።

«የለም» አልኩ።

የላስቲክ ጫማው ቀስ ብሎ ዞረ።

ከመምሸቱ በፊት ሀገር እንዲለቁ ተፈረደባቸው። መርጡለ ማርያም የእህታቸው ልጅ አለች። አሥር ሰዓት ላይ አንድ ጥቅል ይዘው ወደ መኪናው መንገድ ወጡ። በአክስቴ በር ሲያልፉ እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቆሙ። ከረጢቱን ጭኔ ላይ አኖሩት። ቀንዶቹ ተንኳኩ።

«አንቺ ነሽ የለካሽው» አሉ። «ነገ ማክሰኞ ነው።»

ተቆጥተው አልነበረም። ማገዶ እንዳመጣ የሚያዙኝ ነበር የሚመስለው።

*

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ወደ ድንጋዩ የወረደ የለም።

ረቡዕ በግ አልሞተም። ሐሙስም አልሞተም። አበባው ከአጥር ወዲያ ሆኖ ጠራኝ። «አየሽ? ከእንግዲህ ዶክተር ነው የምንልሽ!» አክስቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ዓርብ ጠዋት አክስቴ በስሜ ጠራችኝ። ልጄ ብላ ነው የምትጠራኝ። ያን ዕለት በስሜ ጠራችኝ።

አያ ቢተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ለብሷል። ቦቲ ጫማውን አድርጓል። ለእርሻ የተነሣ ነው የሚመስለው።

«እሺ፣ እነሣለሁ» ይላል። «አሁን እነሣለሁ።»

አይነሣም። ከንፈሩ ነጭ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«እኔንጃ! ለብሶ ነው ያገኘሁት። ውሻው እኮ አልጮኸም...»

ውሻው መድረኩ ላይ ተለጥፎ ተኝቷል። ጭራውን ይቆላል። ከእኛ በቀር ማንም አልነበረም።

ሸሚዙን ገለጥሁት። ከግንቦቱ ጠባሳ በታች፣ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ ሁለተኛ ክብ። እርጥብ።

ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አደረስነው። ሁለት ከረጢት ደም ሰጡት። ሐኪሙ ሦስት ጊዜ ጠየቀን። «የት ነው የደማው? ልብሱ ላይ የለም፣ አልጋው ላይ የለም። ይህ ሁሉ ደም የት ሄደ?»

አክስቴ እኔን አየችኝ። እኔ መሬቱን አየሁ።

ማክሰኞ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ገደሉ ወረድሁ። ለከብት የምጠቀምበትን ትልቁን መርፌ ይዣለሁ። በምላጭ መብጣት አልደፈርሁም፤ የተማርኩት በመርፌ ነው።

ድንጋዩን አገኘሁት። አፉ ከመለስለሱ ብዛት ያብረቀርቃል። ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ቀንድ ተደፍቶ ተቀምጧል። ትልቁ ነው። አሁንም ለካሁት... ለምን እንደለካሁት አላውቅም። አራት ተኩል። ጠርዙ ይሞቃል። ድንጋዩ ላይ መልሼ አኖርሁት።

ከክንዴ ሦስት መርፌ ሙሉ ቀድቼ አፈሰስሁ። ተንበረከክሁ። ቀና አላልሁም።

ጭጋጉ ውስጥ እርጥብ ሣር ሲረገጥ ሰማሁ። ቀስ ብሎ። ቀጥሎ ቀንዱ ከድንጋዩ ላይ ሲነሣ... ድንጋይና ቀንድ ሲፋተጉ ይታወቃል። ከዚያ ሌላ ድምፅ። እሱን መጻፍ አልፈልግም።

ሲበቃው እንደገና ሣሩ ተረገጠ። ቀና አልሁ።

ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ላይ ይወጣ ነበር።

ውሻ አይደለም። ጥጃም አይደለም። ሰውም... አላውቅም። ከዚህ በላይ አልችልም።

አያ ቢተው ዳነ። ከዚያ በኋላ በመንደሩ በግ አልሞተም። ሰው ሁሉ አሮጊቷ ስለሄዱ ነው ይላል። ዝም አልሁ። መናገሩ አሁን ምን ይጠቅማል?

በጥቅምት እማማ ወለተ ኪዳንን ፍለጋ መርጡለ ማርያም ሄድሁ። እግራቸው ላይ ወድቄ ልመልሳቸው ነበር። ሳያቸው መጀመሪያ አላወቅኋቸውም። ወፍረዋል። ጉንጫቸው ቀልቷል። ከእህታቸው የልጅ ልጆች ጋር እየተሳሳቁ ሽሮ ይበላሉ።

«ተነሺ፣ ይቅር ብዬሻለሁ» አሉኝ። «እውነቴን ነው። ከልቤ።»

«ይመለሱልኝ እማማ። እኔ እናገራለሁ። ለሁሉም እናገራለሁ።»

ክንዴን ያዙ። እጅጌዬን ሰብስበው አዩት። መልሰው ሸፈኑት።

«ሰባ ዓመት ነው ልጄ» አሉ። «ሰባ ዓመት። አልመለስም።»

*

ከኅዳር ጀምሮ ደብረ ማርቆስ ሥራ አገኘሁ። አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ሰኞ ሰኞ ከሥራ በኋላ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ፤ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ እመለሳለሁ። መሥሪያ ቤት እናቷን የምታስታምም ነው የምመስላቸው። አልተናገርኩም፣ እነሱ ናቸው ያሉት።

ባለፈው ወር ደረጃ ስወጣ ወደቅሁ። ተመረመርሁ። የደሜ መጠን ሰባት ነው። «ከዚህ በታች ከወረደ ልብሽ ይቆማል» አለኝ ሐኪሙ። «ደምሽ የት እየሄደ ነው?»

ሁለት ማክሰኞ ቀረሁ። አክስቴ ጋ በየቀኑ እደውላለሁ። ሁሉም ደኅና ነው። በግ አልሞተም። አያ ቢተው ደኅና ነው። ታዲያ ያ ነገር የት ሄደ? እያልኩ ነበር የሰነበትሁት።

እንደገና ፍልሰታ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው። አሁን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆኗል።

መብራት ስለሌለ በሬን ከፍቼ አልጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ጭጋጉ እስከ በሩ ደርሷል። የአከራዬ ውሻ ማንንም አያሳልፍም። ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ሁለት ጊዜ ሱሪው ተቀዷል። አከራዬ እንኳ ነጠላ ቀይራ ስትመጣ ይጮህባታል።

ከአርባ ደቂቃ በፊት ዝም አለ።

ጭራው ሲሚንቶውን ሲመታ ይሰማኛል። ጧ... ጧ... ጧ...

ያን ጊዜ ነው ስልኬን አንሥቼ መጻፍ የጀመርሁት። ስልኬን የማይ ከሆነ ሌላ ነገር አላይም። አንገቴን ደፍቼ እዚህች መስመር ደርሻለሁ። መርፌው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ቦርሳዬ በሩ ሥር ነው። ደግሞስ ምን ቀርቶኛል?

ስልኬ ስድስት ፐርሰንት ይላል።

አሁን ጭራው ቆመ።

መድረኩ ላይ አንድ ነገር ሲቀመጥ ሰማሁ። ሲሚንቶና ቀንድ ሲነካኩ ይታወቃል። ከስልኬ ጠርዝ በላይ ትንሽ ይታየኛል። ትልቁ ነው። አፉ ወደ እኔ ዞሯል... ባዶ ነው።

ከቀንዱ ኋላ እግር አለ።

ተረከዙ ቢሆን ኖሮ ቀና እል ነበር።

የማያቸው ጣቶቹን ነው።